ግራ ክንዷ 82፣ እግሯ 190፦ ታካያሱ ያለባት እህቴ ግፊቷ እንዴት ተነበበ

የደም ግፊት ሲባል የሚታሰበን አንድ ቁጥር ነው። ማሽኑ ክንድ ላይ ይታሰራል፣ ይነፋል፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ በቃ። ለአብዛኛው ሰው ይሄ ይበቃል። ቫስኩላይትስ፣ ማለትም የደም ቧንቧ ግድግዳ የሚቆጣበት በሽታ፣ ላለበት ሰው ግን ላይበቃ ይችላል። በተለይ ትልልቆቹን የደም ቧንቧዎች በሚያጠቃው ታካያሱ በሚባለው ዓይነት፣ ክንድ ላይ የሚወጣው ቁጥር ስለዚያ ክንድ ብቻ ነው የሚናገረው። ልብ፣ አንጎልና ኩላሊት ምን ያህል ግፊት እንደተሸከሙ ላያሳይ ይችላል። ታናሽ እህቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ ስሟንም የታከመችባቸውን ቦታዎችም አልጠቅስም።

እህቴ 28 ዓመቷ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፀጉር ትሠራለች። ነገሩ የጀመረው በድካም ነው። ማታ ማታ ያልባታል፣ ትንሽ ትንሽ ያተኩሳታል፣ ልብሷ እየሰፋት መጣ። መጀመሪያ ታይፎይድ ተባለ፣ መድኃኒት ወሰደች፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ቲቢ ተጠረጠረ፣ አክታ ተመረመረ፣ ራጅ ተነሳች፣ ቲቢ አልተገኘም። እዚህ ላይ ማንንም አልወቅስም፤ እኛ አገር ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ አንድ ላይ ሲመጡ አስቀድሞ ቲቢን መፈለግ ትክክል ነው። ታካያሱ ደግሞ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚመስለው እንዲህ ነው፤ ቧንቧው ከመጥበቡ በፊት ሰውነት እንዲሁ ይታመማል።

ቀጥሎ የመጣው ግን የተለየ ነበር። ሹሩባ ስትሠራ ግራ እጇ ይዝላል። ክንዷን ከፍ አድርጋ ትንሽ ከቆየች ጡንቻዋ ማመም ይጀምራል፣ ጣቶቿ ይቀዘቅዛሉ፣ ዝቅ አድርጋ ስታርፍ ይተዋታል። እንደገና ስትጀምር እንደገና ይመጣል። ሥራው ነው፣ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው፣ ብርድ ነው እያልን አለፍነው። ሥራ ላይ የሚመጣና ሲያርፉ የሚለቅ የክንድ ሕመም ግን ጡንቻው በቂ ደም እንደማያገኝ የሚናገር ምልክት ነው።

በዚሁ መሀል አንድ ክሊኒክ ሄዳ ግፊቷ ተለካ፦ 82 በ 54። ግራ ክንድ ላይ ነበር። «ግፊትሽ ወርዷል፣ ለዚህ ነው የሚደክምሽ» ተባለች። ጨው ጨምሪ፣ ውኃ ጠጪ፣ በደንብ ብዪ። የሰፈር ሰውም ምክሩን አከለበት፤ እትዬ እገሌ ቡናሽን በጨው አድርጊው አሏት፣ ሌላዋ ጨው በጥብጠሽ ጠጪ አለቻት። እሷም አደረገችው። ከዚያ በኋላ በሄደችበት ሁሉ ያለ አንድም ሰበብ ግራ ክንዷ ነው የሚለካው፣ ቁጥሩም ሁሌ ዝቅ ያለ ነው፣ ካርዷም ላይ «ዝቅተኛ ግፊት» የሚል ተጻፈ። አንድ ጊዜ ካርድ ላይ የሰፈረ ነገር ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

ራስ ምታቱ እየባሰ ሄደ። ጠዋት ስትነሳ ማጅራቷን ይይዛታል። ቀጥሎ ዓይኗ ይደበዝዝ ጀመር። መነጽር ያስፈልጋታል ብለን ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድናት። ጉዳዩ የተፈታው እዚያ ነው።

ሐኪሟ ጠብታ ጨምራ የዓይኗን የጀርባ ክፍል አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ «ደም ግፊት አለብሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ «አይ ዶክተር፣ የኔስ ዝቅተኛ ነው፣ ጨው ብዪ ተብያለሁ» አለቻት። ሐኪሟ ካርዱን አየች፣ ቁጥሩን አየች፣ እንደገና ወደ ዓይኗ ተመለሰች። የዓይን ጀርባ ላይ ያሉ ቀጫጭን የደም ስሮች ያለ ቀዶ ጥገና በዓይን ሊታዩ የሚችሉ ናቸው፣ ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ ግፊት ሲያርፍባቸው መልካቸው ይለወጣል። የእህቴ ተለውጦ ነበር፣ የደም ነጠብጣብም ነበረው። «ይሄ ዓይን የዝቅተኛ ግፊት ዓይን አይደለም። ወይ ካርዱ ተሳስቷል ወይ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ዛሬውኑ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይይሽ» ብላ ደብዳቤ ጻፈችላት። ካርዱ ላይ ያለውን ከማመን ይልቅ ራሷ ያየችውን አመነች። እስካሁን አመሰግናታለሁ።

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ማሽን ከመንካታቸው በፊት ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቿን በአንድ ጊዜ ያዙ። ቀኙ ላይ ትርታ አለ፣ ደከም ያለ። ግራው ላይ የለም። ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ ፈለጉ፣ የለም። ማዳመጫውን ከአንገቷ ግርጌ ትከሻዋ ጋ አስቀመጡና አዳመጡ፤ ደም በጠበበ ቦታ ሲያልፍ የሚሰማ የሽውታ ድምፅ አለ። ሆዷንም ከእምብርቷ ከፍ ብሎ በግራ በኩል አዳመጡ፣ እዚያም አለ። ከዚያ ለነርሷ «ሲስተር፣ አራቱንም እንለካለን» አሏት። አራቱንም ማለታቸው ሁለቱን ክንዶችና ሁለቱን እግሮች ነው።

ግራ ክንድ 82። ቀኝ ክንድ 118 በ 72። ቀኝ እግር 188። ግራ እግር 192።

ከአራቱ ቁጥሮች በጣም አሳሳቹ 82 አይደለም። 82 ቢያንስ «አንድ ነገር አለ» ያሰኛል። አሳሳቹ 118 በ 72 ነው፣ ምክንያቱም ያማረ፣ የጤነኛ ሰው ቁጥር ነው። «ግራ ክንዷ ችግር አለበት፣ እንግዲህ በቀኙ እንለካለን» ብለን እዚያ ብንቆም ኖሮ ግፊቷ መልካም ነው ተብላ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ቀኙም የጠበበ ነበር፤ ከግራው ያነሰ ይሁን እንጂ የጠበበ ነው።

ጓሮ ያለውን የውኃ ጎማ አስቡት። ታንከሩ ሞልቷል፣ ፓምፑ ይገፋል፣ አንዱ ጎማ መሀሉ ላይ ተጨፍልቋል። ጫፉ ላይ ውኃው ጠብ ጠብ ስለሚል ፓምፑ ደክሟል ማለት አይደለም። እንዲያውም እንዲበረታ ካደረጋችሁት ሌሎቹ ቧንቧዎች ሊፈነዱ ይችላሉ። ጨው እየጨመረች የነበረው ወደዚያ ነው የሚወስዳት።

ጤነኛ ሰው በሁለቱ ክንዶቹ መካከል ያለው የላይኛው ቁጥር ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከ10 በታች ነው። በተደጋጋሚ ከዚያ በላይ ሲሆን ምክንያቱ መጣራት አለበት። የአሜሪካ የሪውማቶሎጂ ኮሌጅ በ1990 ባወጣው የታካያሱ መለያ ከ10 በላይ የሆነ የክንዶች ልዩነት አንዱ መስፈርት ነበር፣ ከአውሮፓው የሪውማቶሎጂ ማኅበር ጋር በ2022 ባወጣው ደግሞ 20 እና ከዚያ በላይ ሆኗል። እግርን በተመለከተ፣ ጋደም ያለ ጤነኛ ሰው እግሩ ላይ ያለው የላይኛው ቁጥር ከክንዱ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ትንሽ ነው የምላችሁ። የእህቴ ግን ከቀኝ ክንዷ በ70 ይበልጥ ነበር።

በሽታው ስሙን ያገኘው ሚኪቶ ታካያሱ ከሚባሉ ጃፓናዊ ሐኪም ነው። እሳቸውም የዓይን ሐኪም ነበሩ። በ1908 አንዲት ወጣት ሴት ዓይን ጀርባ ላይ የደም ስሮች እርስ በርስ ተያይዘው ቀለበት ሠርተው ማየታቸውን ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቀረቡ። በዚያው ስብሰባ ኦኒሺ እና ካጎሺማ የሚባሉ ሌሎች ሐኪሞች ተነስተው እኛም እንዲህ ዓይነት ዓይን ያለባት ታካሚ አይተናል፣ እጇ ላይ ትርታ አልነበራትም አሉ። «ትርታ የሌለው በሽታ» የሚለው ሌላ ስሙ የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ምልክት ነው። የእህቴ ዓይን ግን ሐኪሙ ታካያሱ ካዩት ዓይን የተለየ ነበር። የዚያችኛዋ ሴት ዓይን በደም እጥረት የተጎዳ ነው። የእህቴ ወደ አንጎልና ዓይን የሚወጡት የአንገት ቧንቧዎች ግድግዳቸው ቢወፍርም ክፍት ነበሩ፤ ስለዚህ ከፍተኛው ግፊት ሳይቀንስ ዓይኗ ላይ ይደርስ ነበር። ክንዷ 82 እያለ ዓይኗና አንጎሏ እስከ 170 እና 180 የሚደርስ ግፊት ነበር የሚቀበሉት።

ሲቲ ስካኑ ሁሉንም አሳየ። ወደ ግራ ክንድ የሚሄደው ቧንቧ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። የቀኙ በግማሽ ያህል ጠቧል። ወደ ግራ ኩላሊት የሚገባውም ጠቧል። ከኩላሊት በታች ወደ እግር የሚወርደው መስመር ግን ንጹሕ ነው። እግሮቿ እውነቱን የተናገሩት ለዚህ ነው። መንገዳቸው አልጠበበም። ግፊቱ ለምን ከፍ አለ ለሚለውም መልሱ እዚያው ነበር። ግራ ኩላሊት ደም ሲያንሰው የመላው ሰውነት ግፊት የወረደ ይመስለዋል፣ ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፣ በዚያ ሰበብ ቧንቧዎች ይኮማተራሉ፣ ሰውነት ጨውና ውኃ ይይዛል፣ ግፊት ይወጣል።

ቆየት ብሎ በቀጭን ቱቦ በእግሯ በኩል ገብተው ከልብ በሚወጣው ትልቁ ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ውስጥ ያለውን ግፊት በቀጥታ ለኩት። 174 ሆነ። በዚያው ሰዓት እግሯ ላይ የታሰረው ማሽን 186 አለ። ሐኪሞቹ የፈለጉት ይሄንን ነበር፦ ከውጭ ከምንለካቸው አራት ቦታዎች የትኛው ከውስጠኛው ጋር ይሄዳል? እግሯ ይሄዳል፣ ጥቂት ከፍ ብሎ። ከዚያ ወዲህ የእሷ ግፊት ማለት የእግሯ ግፊት ነው፤ የሚደረስበት ግብም በእግር ቁጥር ተጻፈላት። ይሄ ግን የእሷ ነው። ሌላ የታካያሱ ታካሚ ቀኝ ክንዱ ደህና ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ የሆድ አኦርታው ጠቦ እግሩ ዝቅ ብሎ ክንዱ ከፍ ሊል ይችላል። አራቱም እጅና እግር ተጎድተው ከውጭ የትኛውም ቁጥር የማይታመንበት ሰውም አለ። የትኛው ቦታ እውነቱን እንደሚናገር የሚታወቀው በምስልና በመለካት ነው፣ በግምት አይደለም። በዚህ በሽታ የምትታከሙ ከሆነ ሐኪማችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «የኔ ግፊት የት ነው የሚለካው?»

ቤት ውስጥ መለካት የራሱ ጣጣ አለው። የቤት ማሽኖች የደሙን ድምፅ አይሰሙም፤ የታሰረው ጨርቅ ውስጥ ያለውን ንዝረት ነው የሚያነቡት። ትርታው ደካማ ሲሆን ንዝረቱ አይበቃቸውም፣ ወይ ኤረር ይላሉ ወይ የማይሆን ቁጥር ይሰጣሉ። እህቴ ግራ ክንዷ ላይ ስታስረው ተነፍቶ ተነፍቶ፣ ተንፍሶ፣ እንደገና ተነፍቶ ኤረር ይላል። ማሽኑ የተበላሸ መስሎን ባትሪ ቀይረናል። እግር ላይ ሲለካ በጀርባ መተኛት፣ ትንሽ ማረፍ፣ ጨርቁን ከቁርጭምጭሚት ከፍ አድርጎ ማሰር፣ ከዚያ አለመናገር ነው። ጨርቁ ከጠበበ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ልኩን ሆስፒታል አሳይተን ነው የገዛነው። ተቀምጦ እግርን አንጠልጥሎ የተለካ ቁጥር አይረባም፣ እግር ከልብ በታች ሲሆን ቁጥሩ ይጨምራል። እግር ላይ ሐኪሙ የሚያየው የላይኛውን ቁጥር ነው።

ሕክምናው ሲጀመር ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። ቁጣውን የሚያበርድ ስቴሮይድ የሆነው ፕሬድኒሶሎን በ50 ሚሊግራም ተጀመረ፣ ከሱ ጋር የሰውነትን መከላከያ የሚያረግብ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ሜቶትሬክሴት። በሳምንት አንድ ቀን የሚለውን አስምሩበት፣ በየቀኑ የዋጠ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ላቡና ትኩሳቱ ቶሎ ጠፋ፣ በደም ምርመራ ቁጣን የሚጠቁመው የኢኤስአር ቁጥሯ ወረደ፣ የምግብ ፍላጎቷ ተመለሰ። የእግሯ ግፊት ግን ጨመረ። ቤተሰቡ ተደናገጠ፣ እናቴ መድኃኒቱ ይቁም አለች። ፕሬድኒሶሎን ራሱ ጨውና ውኃ ስለሚያስይዝ ግፊት ይጨምራል፤ በሽታውን እያዳከመ ግፊትን ያወጣል ማለት ነው። በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆም ደግሞ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ትቶ ይቆያል። መጠኑ በሐኪም ትዕዛዝ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ጾም ሲገባ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ፣ ክኒኑን ጠዋት ከምግብ ጋር መውሰዷን ቀጠለች።

ለግፊቱ አምሎዲፒን ተሰጣት። ኢናላፕሪል የሚባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት መጀመሪያ ላይ አልተሰጣትም። የሁለቱም ኩላሊት ቧንቧ የጠበበ ከሆነ ያ ዓይነቱ መድኃኒት ኩላሊትን ሊያሰናክል ስለሚችል፣ ቀኙ ደህና መሆኑ በምስል ከታየ በኋላ ነው፣ ያውም በአነስተኛ መጠን፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ እየተደረገላት የተጀመረው። ግፊቱም በአንድ ጊዜ እንዲወርድ አልተፈለገም። ወደ አንጎል የሚወጣው መስመር ግድግዳው ስለተጎዳ፣ ድንገት ቢወርድ ራስ ማዞርና ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል ተባልን። ጨው ቆመ። ወጥ ውስጥ የሚጨመረውን መቀነስ ቀላል ነው። ከባዱ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ሲዘጋጅ አብሮ የሚገባው ነው። እናቴ ለሷ ብቻ ያለ ጨው አስፈጨችላት።

አንድ ቀን ሆዷን አሟት፣ አስመለሳት፣ ማታ ስለነበር ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ሄድን። ልጁ ግራ ክንዷን ለካና ፊቱ ተለወጠ። «ሾክ ውስጥ ናት፣ ግፊቷ በጣም ወርዷል» ብሎ ግሉኮስ ሊሰቅልላት ተሯሯጠ። እህቴ እኮ ተቀምጣ ታወራለች፣ ሽንቷንም በደንብ ሸንታለች፣ እግሯ ሞቃት ነው። «ወንድሜ፣ እባክህ እግሯን ለካው» አልኩት። ፈገግ አለ፣ ያመነኝ አልመሰለኝም፣ ግን ለካው። 164 ነበር። ቁጥሩን ሲያይ ቁጭ አለና ስለ በሽታው ይጠይቀን ጀመር፤ የምናውቀውን ነገርነው። ያንን ሁሉ ፈሳሽ በዚያ ግፊት ላይ ቢጨምርባት ልቧ ላይ ጫና ይሆን ነበር። አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ሐኪሟ ፈርሞበት ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ፦ ታካያሱ አለባት፣ የክንድ ግፊት አይታመንም፣ በእግር ይለካ፣ ስቴሮይድ ላይ ናት። ጥርስ ለማስነቀል እንኳ ሳታሳየው አትቀመጥም።

ለብዙዎች የሚጠቅመው ግን ደብተሩ ይመስለኛል። ሦስት ዓምድ ነው ያሠመርንለት፦ ቀኝ ክንድ፣ ግራ ክንድ፣ እግር። ግራው ኤረር ሲል ኤረር ተብሎ ይጻፋል። ሐኪሟ ቁጥሩ ከፍ አለ ወረደ ከሚለው በላይ የሚያየው በዓምዶቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ሕክምናው ከተጀመረ ከወራት በኋላ ግራ ክንዷ ማንበብ ጀመረ፣ 90 እና ከዚያ በላይ። ግፊቷ የባሰ መስሎን ነበር። እግሩ ግን ወርዷል። የክንዱ ቁጥር የወጣው ደም በዙሪያው ባሉ ትንንሽ መንገዶች ወደ ክንዱ መድረስ ስለጀመረ ነው፣ ሹሩባ ስትሠራም እጇ ቶሎ አይዝልም።

በኋላ ደግሞ ተቃራኒው መጣ። የፕሬድኒሶሎኑ መጠን ዝቅ ካለ በኋላ ቀኝ ክንዷ ከ118 አካባቢ ቀስ እያለ 110፣ 104፣ 98 ሆነ። እግሯ ባለበት ነው። ማንም ቢያየው መድኃኒቱ እየሠራ ነው ይላል፣ ደስ ይላል ይላል። ኢኤስአር ተሠራ፣ 14፤ ሲአርፒ የሚባለው ሌላው የቁጣ ምርመራም ደህና። እሷም ምንም አልተሰማትም። ሐኪሟ ግን ዓምዶቹን ጎን ለጎን አየና ዝም ብሎ አላለፈውም፣ እግሩ ሳይወርድ ክንዱ ብቻ ከወረደ ግፊቱ አልወረደም፣ ወደ ክንዱ የሚሄደው ቧንቧ ጠቧል ማለት ነው አለን። ቧንቧውን በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ ዶፕለር ታዘዘ፣ የቀኙ ቧንቧ ግድግዳ ከበፊቱ ወፍሮ ተገኘ። በታካያሱ የደም ምርመራ ደህና ሆኖ ቧንቧው ላይ ግን እሳቱ ሊቀጥል ይችላል። የመድኃኒቱ መጠን ተስተካከለ። ዓምዶቹ ባይኖሩ ኖሮ ያንን 98 ጥሩ ዜና ብለን በተቀበልነው ነበር።

አሁን እግሯ 140ዎቹ ውስጥ ነው፣ ራስ ምታቱ የለም፣ ዓይኗ ተሻሽሏል። የቀረው የግራ ኩላሊቷ ቧንቧ ነው። በቱቦ ገብቶ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ (ባሉን) ማስፋት ይቻላል፤ ነገር ግን በሽታው ገና እየነደደ ከተሠራ መልሶ የመጥበብ ዕድሉ ከፍ ስለሚል መጀመሪያ ቁጣው ይብረድ ተብሏል። እሷ ደግሞ ልጅ መውለድ ትፈልጋለች። ሜቶትሬክሴት ፅንስን ስለሚጎዳ ከዚያ አስቀድሞ መቆምና በሌላ መተካት አለበት፣ ስለዚህ የቱ ይቅደም፣ ፊኛው ወይስ የመድኃኒት ለውጡ፣ የሚለውን ነው ከሐኪሞቿ ጋር የሚነጋገሩበት። እስከዚያው በየቀኑ ጠዋት ትተኛለች፣ ጨርቁን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ታስራለች፣ ሦስቱን ቁጥሮች ትጽፋለች።